በሜምብሬን በሚሠራ የፍሳሽ ውሃ ማጣሪያ ስለ አየር አገባብና ስለ ኦክሲጅን መጠን

ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አለ፤ ከተገዛም በኋላ በየቀኑ ዋጋ የሚያስከፍል አለ። የፍሳሽ ውሃ ማጣሪያ ከሁለተኛው ወገን ነው። ቆዳ የሚያለፋ፣ ጨርቅ የሚያቀልም ወይም ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ፣ እንደዚሁም ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል፣ ማጣሪያ ከውጭ አገር ሲያስመጣ ለመኪናው የሚከፍለው ገንዘብ በፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። መኪናው ሌሊትና ቀን ለሚበላው ኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንዲት አነስተኛ ቍጥር በስተጀርባ ተሸሽጎ ያልፋል። ያች ቍጥር ወደ ውሃው ከሚነፋው ኦክሲጅን ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ እንደሚሟሟ የምትናገረው ናት። በተለይም ሜምብሬን የሚባለው ስስ ወንፊት ባለበት ማጣሪያ ይህች ቍጥር በካታሎግ ላይ አንድ፣ በሥራ ላይ ሌላ ሆና ትገኛለች፤ በመካከሉ ያለውን ልዩነት የሚከፍለው ገዢው ነው።

ፍሳሽ ውሃ የሚጠራው በመድኃኒት ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን ናቸው፤ እነዚህም ቆሻሻውን ለመብላት እንደ ሰው ኦክሲጅን መተንፈስ አለባቸው። ይህ ዘዴ በ1914 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት በሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ለዓለም ተገለጸ። ሁለቱ ሰዎች ፍሳሹን በጠርሙስ አድርገው አየር ነፉበት፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪጠራም አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ነገር ግን የጠራውን ውሃ ብቻ ደፍተው ከሥር የረጋውን ዝቃጭ እያስቀሩ ዐዲስ ፍሳሽ ቢጨምሩበት፣ ዝቃጩ እየበዛ በሄደ መጠን ጊዜው እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከአንድ ቀን ያነሰ ሆነ። በዝቃጩ ውስጥ የሚኖሩት ተሐዋስያን በበዙ ቍጥር ሥራው ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ከተሞች የተሠሩት ማጣሪያዎች አብዛኞቹ በዚሁ መሠረት የቆሙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ አሮጌ ዘዴ አንድ ወሰን ነበረው። ዝቃጩ ከጠራው ውሃ የሚለየው በሰፊ ገንዳ ውስጥ በራሱ ክብደት ሲዘቅጥ ስለ ሆነ፣ ዝቃጩ እጅግ ከበዛ አልዘቅጥ ብሎ ከውሃው ጋር ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል ዝቃጭ ብቻ ይያዝ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዶር ኦሊቨር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዝቃጩን በሜምብሬን መለየት ጀመረ፤ ሆኖም ውሃውን በኀይል በወንፊቱ ውስጥ ለመግፋት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከባድ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በጃፓን ካዙኦ ያማሞቶና የሥራ ባልደረቦቹ ወንፊቱን ራሱን በገንዳው ውስጥ አጥልቀው ውሃውን በቀስታ መምጠጥ እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ግን ነገሩ ለገበያ በቃ። የወንፊቱ ቀዳዳ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ በታች ስለ ሆነ ባክቴሪያ አያሳልፍም፤ የሚወጣውም ውሃ ለአትክልት ማጠጫና ለፋብሪካ ልዩ ልዩ አገልግሎት ተመልሶ ሊውል ይችላል። የማዝቀጫው ሰፊ ገንዳ ስለማያስፈልግ፣ በአንድ ሊትርም ውስጥ ከ8 እስከ 12 ግራም ዝቃጭ መያዝ ስለሚቻል፣ ማጣሪያው የሚይዘው መሬት በጣም ያንሳል። መሬት በካሬ ሜትር በሚቈጠርበት ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ነጋዴ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሻጮችም አስቀድመው የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

አሁን ሻጮች ዘግይተው ወደሚያወሩት ነገር እንመለስ። ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚገባ ነገር አይደለም። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 280 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይዞ ሲገኝ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ግን በኦክሲጅን እስኪጠግብ ድረስ ቢቈይ ከ9 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ብሎወር የሚባለው የአየር መንፊያ መኪና አየሩን ወደ ገንዳው ወለል ይልካል፤ በዚያም ዲፊዩዘር የሚባሉት ቀዳዳ ያላቸው የጎማ ሳሕኖች አየሩን ወደ ጥቃቅን አረፋ ይለውጡታል። አረፋው ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ውሃው ፊት በሚጓዝባት አጭር ጊዜ ውስጥ ኦክሲጅኑ በአረፋው ገጽ በኩል ወደ ውሃው ማለፍ አለበት፤ ያላለፈው ወደ ሰማይ ተመልሶ ይሄዳል። አረፋው ባነሰ መጠን ገጹ ይሰፋል፣ ጕዞውም ይዘገያል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ደቃቅ አረፋ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ከያዘው ኦክሲጅን ከመቶ 6 እጅ ያህል ሲያስተላልፍ፣ ትልልቅ አረፋ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብቻ ያስተላልፋል።

በካታሎግ ላይ የሚጻፈው ቍጥር በንጹሕ ውሃ የተለካ ነው። ይህም ማታለል አይደለም፤ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ዲፊዩዘሮች እርስ በርስ ለማወዳደር አንድ የጋራ መለኪያ ያስፈልጋልና። በንጹሕ ውሃ የተገኘውን ቍጥር ወደ ዝቃጭ ለመለወጥ መሐንዲሶች አልፋ በተባለችው የግሪክ ፊደል የሚጠሩት ማባዣ አላቸው። አልፋ አንድ ከሆነ ዝቃጩና ንጹሑ ውሃ እኩል ናቸው፤ ግማሽ ከሆነ በዝቃጩ ውስጥ የሚገባው ኦክሲጅን በንጹሕ ውሃ ከሚገባው እኩሌታ ነው ማለት ነው።

በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የክራምፔና የክራውት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዝቃጩ በወፈረ መጠን አልፋ በፍጥነት ታንሳለች። በእነርሱ ቀመር መሠረት በሊትር 4 ግራም ዝቃጭ ሲኖር አልፋ 0.70፣ 8 ግራም ሲኖር 0.50፣ 10 ግራም ሲኖር 0.42፣ 12 ግራም ሲኖር 0.35፣ 15 ግራም ሲደርስ 0.27 ያህል ትሆናለች። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም። ወፍራም ዝቃጭ እንደ አጥሚት ነው፤ ደቃቅ አረፋዎች በውስጡ ሲያልፉ እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ትልቅም አረፋ ፈጥኖ ይወጣል። እንግዲህ ማጣሪያውን ትንሽ መሬት እንዲይዝ ያደረገው የዝቃጩ መወፈር ራሱ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ የሚያበዛው ሆኖ ይገኛል።

በዚሁ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዳርምሽታት የፔተር ኮርኔልና የባልደረቦቹ ጥናት በሥራ ላይ ባሉ የሜምብሬን ማጣሪያዎች የተለካውን ገለጠ። በሊትር 12 ግራም ዝቃጭ ባለበት ገንዳ ያገኙት አማካይ አልፋ 0.6 ገደማ ነበር፤ ይህም ከሽቱትጋርቱ ቀመር በጣም የተሻለ ነው። ሁለቱም ጥናቶች የታወቁና የተከበሩ ናቸው። የዝቃጩ ውፍረት ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ የፍሳሹ ዓይነት፣ ዝቃጩ በገንዳ ውስጥ የቈየበት ዕድሜና የአየሩ ብዛት ድርሻ አላቸው። ሳሙናና ቅባት በአረፋው ገጽ ላይ ተለጥፈው የኦክሲጅኑን መንገድ ስለሚዘጉ አልፋን ይቀንሷታል፤ የልብስ ማጠቢያ ቤትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህንን ልብ ማለት አለባቸው። ዕድሜው የረዘመ ዝቃጭ ግን ሳሙናውን ፈጥኖ ስለሚበላው ያሻሽላታል። እንግዲህ ሻጭ አንዲት ቍጥር ብቻ ጠርቶ «አልፋ ይህ ነው» ቢል፣ ቍጥሩ ከየትኛው ፍሳሽና ከምን ያህል የዝቃጭ ውፍረት እንደ ተገኘ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ የማይሰጥ ሻጭ ከሆነ ዝቅተኛውን ቍጥር ይዞ ማስላት ይሻላል።

ከዚህ በላይ የተነገረው በማናቸውም አገር ላለ ገዢ የሚሆን ነው። ለደገኛው ገዢ ግን ሌላ ጭነት ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 75 እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ሁለት ጕዳት ይመጣል። አንደኛ፣ ብሎወሩ የሚስበው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር የያዘው ኦክሲጅን በሩብ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክሲጅን የሚይዘው ንጹሕ ውሃ በአዲስ አበባ 6.8 ሚሊግራም ያህል ይዞ ይጠግባል። ኦክሲጅን ወደ ውሃው የሚገባው የጐደለውን ለመሙላት ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ ባነሰ መጠን የሚገባውም ይቀንሳል። ለሐምቡርግ ወይም ለሻንጋይ ተብሎ የተሰላ ብሎወር እንዳለ ተጭኖ ወደ ደጋ ቢመጣ፣ መኪናው ምንም ነውር ሳይኖርበት ሥራውን አያደርስም። ጅቡቲ ላይ ቢተከል ይበቃ የነበረው ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ ያጥራል።

ነገሩን በቍጥር ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይቀርባል። በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ፣ ተሐዋስያኑም በቀን 300 ኪሎ ግራም ኦክሲጅን፣ ማለት በሰዓት 12.5 ኪሎ ግራም የሚፈልጉበት ፋብሪካ አለ እንበል። የገንዳው ጥልቀት 4 ሜትር ነው። በካታሎግ መሠረት ዲፊዩዘሩ ከመቶ 24 እጅ ኦክሲጅን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በሰዓት 190 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። ነገር ግን ይህ ኦክሲጅን በሌለው ንጹሕ ውሃና በባሕር ጠረፍ ነው። በሊትር 10 ግራም ዝቃጭ ሲኖርና አልፋ 0.42 ስትሆን አስፈላጊው አየር 440 ይሆናል። በገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ በሊትር 2 ሚሊግራም ኦክሲጅን ተርፎ እንዲገኝ ያስፈልጋል፤ በውሃው ያለው ጨውም ጥቂት ይቀንሳል፤ ይህ ሲታሰብ በባሕር ጠረፍ እንኳ 590 ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ሲሆን 810 ያህል ነው፤ ይህም እንደ ባሕር ጠረፍ አየር ተቈጥሮ ነው። የደጋው አየር ስስ ስለ ሆነ ብሎወሩ በእርግጥ መሳብ ያለበት 1,080 ሜትር ኩብ በሰዓት ይሆናል። የዳርምሽታቱ 0.6 ቢያዝ እንኳ ቍጥሩ ከ740 በታች አይወርድም።

ብሎወሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ መቶው ውስጥ 60ው እጅ ለሥራ የሚውል ቢሆን፣ የካታሎጉ ቍጥር የሚጠይቀው ኀይል 3.5 ኪሎዋት ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በእርግጥ የሚያስፈልገው ግን 20 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሌሊትና ቀን ሲሠራ በዓመት 175,000 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ጠንቃቃ መሐንዲስ ያለው ሻጭ ይህን ሁሉ አስልቶ ያቀርባል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይታያል። ያላሰላው ወይም ማስላት ያልፈለገው ደግሞ ርካሽ ሆኖ ይታያል። ሁለት ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚመርጥ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚስተው በዚህ ቦታ ነው።

በሜምብሬን ማጣሪያ ውስጥ ሁለተኛ አየር ደግሞ አለ። ዝቃጩ በወንፊቱ ላይ ተጋግሮ ቀዳዳውን እንዳይደፍን፣ ከወንፊቱ ሥር ትልልቅ አረፋ እየተነፋ ገጹን ያጥበዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው እንደ ወንፊቱ ዓይነት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰዓት ከ0.3 እስከ 0.8 ሜትር ኩብ አየር ነው። ከላይ የተባለው ፋብሪካ 1,400 ካሬ ሜትር ያህል ወንፊት ቢኖረው፣ በትንሹ ቢቈጠር በሰዓት 420 ሜትር ኩብ ይሆናል። በጀርመን አገር በካርስት ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና ለ80,000 ሰዎች የታቀደው የኖርድካናል ማጣሪያ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ለዚሁ ማጠቢያ አየር እንደሚውል ተመዝግቧል። አንዳንድ ሻጭ ይህንን አየር ከተሐዋስያኑ ኦክሲጅን ጋር ደምሮ «በቂ አለ» ይላል። ማጠቢያው አየር ጥቂት ኦክሲጅን መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አረፋው ትልቅ ስለ ሆነ ድርሻው ትንሽ ነው፤ እንደ ደቃቅ አረፋ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ወጪውን ለመቀነስ በዛሬው ጊዜ የተሻለው መንገድ አየሩን ሳያቋርጡ ከመንፋት ይልቅ ዐሥር ሴኮንድ ነፍቶ ዐሥር ወይም ሠላሳ ሴኮንድ ማሳረፍ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የሜምብሬን ማጣሪያ ሲሸጥ በሊትር 15 ግራም፣ አንዳንዴም 20 ግራም ዝቃጭ ይያዝ ነበር፤ ገንዳው እጅግ አነስተኛ ይሆን ዘንድ። ሥራው ሲፈተን ግን አብዛኞቹ ወደ 8 ወይም 10 ግራም ተመለሱ። በሽቱትጋርቱ ቀመር ከ15 ወደ 8 ግራም መውረድ አልፋን ከ0.27 ወደ 0.50 ያወጣታል፤ ይህም የአየሩን ፍላጎት በእኩሌታ ገደማ ይቀንሰዋል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ገንዳውን በእጥፍ ገደማ ማስፋት ነው። የገንዳ ግንብ ሲሚንቶና ብረት አንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶውም እዚሁ አገር በብር ይገዛል። ብሎወር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ መለዋወጫውም እንደዚሁ። ቦታ ያለው ገዢ ሻጩን «ገንዳው ቢሰፋ ብሎወሩ ስንት ይሆናል?» ብሎ ሁለተኛ ስሌት ቢጠይቅ፣ ሁለቱን አወዳድሮ ለመቍረጥ ይችላል። ቦታ የሌለው ነጋዴ ደግሞ የጠበበውን መሬት በኤሌክትሪክ እየከፈለ እንደሚጠቀምበት አውቆ ይግባ።

ትእዛዝ ሲጻፍ ሊረሱ የማይገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የሚተከልበት ቦታ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ በሜትር ይጻፍ። የኤሌክትሪክ ሞተሮች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሠራ ሥራ የተመዘኑ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ሆኖ በደንብ ስለማያቀዘቅዛቸው ኀይላቸው ተቀንሶ ይቈጠራል፣ ወይም ተለቅ ያለ ሞተር ይታዘዛል። በሻጩ ወረቀት ላይ ያለው የአየር መጠን በባሕር ጠረፍ አየር የተቈጠረ ይሁን ወይም ብሎወሩ በቦታው የሚስበው ይሁን ተለይቶ ይገለጽ፤ ከላይ እንደታየው በ810 እና በ1,080 መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ስሌቱ የተሠራበት አልፋና የዝቃጭ ውፍረት በውሉ ውስጥ በቍጥር ይግባ።

የዲፊዩዘሩ ጎማም ቢሆን ዝም ተብሎ የሚገዛ አይደለም። ኢ ፒ ዲ ኤም የሚባለው የተለመደው ጎማ ለከተማ ፍሳሽ መልካም ሲሆን፣ ዘይትና ቅባት በሚበዛበት የፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ግን ያብጣል ወይም ይደርቃል፤ እንዲህ ላለው ሥራ ከሲሊኮን ወይም ከፖሊዩሬቴን የተሠራውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጎማው በሥራ ላይ ሲያረጅ ቀዳዳው ስለሚበላሽ አረፋው ይተልቃል፣ ብሎወሩም ይበልጥ ይጨነቃል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ትእዛዝ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ቢጠየቅ መልካም ነው። ዕቃው ገና ሳይተከል በግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወራት የሚያሳልፍ ከሆነም ጎማው ከመሥራቱ በፊት ያረጃል።

ርክክቡን በሚመለከት፣ በአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ደንብ አለ፤ በአውሮፓም ለዚሁ ጕዳይ የተወሰነ ደንብ አለ። በሁለቱም ሥርዐት በንጹሕ ውሃ የተሞላው ገንዳ ኦክሲጅኑ በሶዲየም ሰልፋይት ይወገድና፣ አየር ሲነፋበት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ ይለካል። ይህ ፈተና ዲፊዩዘሩ እንደ ካታሎጉ መሆኑን ብቻ ያረጋግጣል። ዝቃጩ ከገባ በኋላ ያለውን ለማወቅ ሌላ ፈተና አለ፤ በገንዳው ፊት ላይ ተንሳፋፊ ክዳን አስቀምጦ የሚወጣውን አየር በመሰብሰብ በውስጡ የቀረውን ኦክሲጅን መለካት ነው። ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ ዝቃጩ የወሰደው ይታወቃል። ማጣሪያው ሙሉ ፍሳሽ ተቀብሎ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ይህ ሁለተኛው ፈተና እንዲደረግ፣ የመጨረሻውም ክፍያ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ እንዲቈይ፣ ገንዘቡ በባንክ ከመከፈቱ አስቀድሞ በውሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል፤ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ሻጩ እንደ ዐዲስ ሥራ ቈጥሮ ዋጋ ያስከፍልበታል።